የአውራሪሱ እጀታ

ባሌን ሳገባ ቢላውንም አብሬ አገባሁ ብል ብዙ አላጋነንሁም። እኔን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ስለ ልጁ ትምህርትና ጠባይ ጥቂት ከተናገሩ በኋላ ወዲያው ወደ ቤቱ ክብር ዘለቁ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ከቤታቸው የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለው ቢላ አለ» አሉ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካ መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና፣

«ይቆርጣል?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሣቁ። አባቴ ግን በመሣሪያ አይቀልድም።

የቢላውን ታሪክ ከሠርጌ መልስ ጀምሮ በየበዓሉ ሰምቼዋለሁ። ተራኪው ሁልጊዜ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቤት ውስጥም ሲናገሩ ሪፖርት የሚያቀርቡ ይመስላሉ፤ ልጃቸው ወተት ከደፋ «ክፍተት ተፈጥሯል» ይላሉ። የቢላው ታሪክ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይለወጣል፣ ዓይናቸው ይርቃል፣ የሪፖርቱ ቋንቋ ይጠፋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የባሌ ቅድመ አያት ዘጌ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ ትልቅ ሊቅ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ የራስ ማዕረግ ያላቸው መስፍን ገዳም ሊሳለሙ በታንኳ ይሻገራሉ። ሊቁ ቅኔ ይቀኙላቸዋል። ራስም ቅኔው አንጀታቸው ድረስ ይገባና፣ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ጎራዴያቸውን ከወገባቸው ፈትተው ይሸልሟቸዋል። የቅኔ መምህር በጎራዴ ምን ያደርጋል? ሊቁም ስለቱን አሳጥረው የማድ ቤት ቢላ አሠሩበት። እጀታው ግን ያው የራስ እጀታ ነው።

ቅኔው ምን ይል እንደነበር ከቤተሰቡ የሚያስታውስ አንድም ሰው የለም። አንድ ጊዜ ባሌን ጠይቄው ነበር።

«ዋናው ቢላው ነው» አለኝ።

ባሌ የታሪክ አስተማሪ ነው። የተማሪዎቹን ወረቀት ሲያርም «ምንጭህ የት አለ?» እያለ በቀይ እስክርቢቶ ያሰምርበታል።

ቢላው ራሱ ብዙ ከመሳሉ የተነሳ ቀጥኗል፤ ብረቱ ግን እውነተኛ ብረት ነው፣ ድንጋይ ሲነካው ይዘምራል። ችግሩ እጀታው ነበር። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቢጫ ቢጫ ጅማት ይታይበታል፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጨርቁ ላይ ደግሞ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በአንድ በኩል አይጥ የበላው ይመስል ጎድጉዷል። ይህ የአይጥ ሳይሆን የባሌ ታናሽ እህት ሥራ ነው። መራዊ ላይ እህል ትነግዳለች። የአውራሪስ ቀንድ ፍቱን መድኃኒት ነው ብላ ስለምታምን፣ ከልጆቿ አንዱ ባመመው ቁጥር ወደኛ ትመጣና እጀታውን በምላጭ ፍቃ፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጣ ታጠጣለች። ልጁ ይድናል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውንም ክኒን ይወስድ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለአውራሪሱ ነው የሚሄደው።

ቢላው የማን ነው የሚለው ነገር ደግሞ ለብቻው አንድ ጦርነት ነበር። ጋሼ በኵር ስለሆኑ የኔ ነው ይላሉ። እህትየው የልጆቼ መድኃኒት ስለሆነ የኔ ነው ትላለች። ባሌ ደግሞ እናታችን ያለችው ከኔ ቤት ነው ይላል። እናታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው መሪጌታው ካረፉ በኋላ ከዘጌ አንድ ጓዝ፣ አንድ ጃንጥላና ቢላውን ይዘው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሠፈር ካለው ቤታችን ገቡ። ልጆቻቸው በቢላው ሲነታረኩ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንድም ቀን ገብተውበት አያውቁም።

በቢላው ሽንኩርት የምከትፈው ግን እኔ ነበርሁ። እጀታው መዳፌ ውስጥ ይዞራል፣ ሽቦው ጣቴን ይቧጭረኛል። «እናሠራው» ባልሁ ቁጥር ባሌ «ቅርስ አይነካም» ይለኛል። ቅርሱ እኔን ሲነካኝ ግን ምንም አይልም።

ነገሩ የተገለበጠው በፋሲካ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ እኛ ቤት ተሰብስቧል፤ የነፍስ አባታችንም መጥተዋል። ድፎውን ባረኩና «አንተ ቁረስ» ብለው ለጋሼ ሰጧቸው። ጋሼ ቢላውን አነሡ። እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ፤ የእንግዳውን ዓይን ሁሉ ወደ እጃቸው ሰበሰቡ።

«ራስም ቅኔውን በሰሙ ጊዜ» አሉ ስለቱን ወደ ድፎው እየከተቱ፣ «ጎራዴያቸውን ከወገባቸው ፈትተው…»

እጀታው እጃቸው ውስጥ ዞረ። ስለቱ ከድፎው ቁራሽ ፈንቅሎ ወረወረ። ቁራሹ በገበታው ላይ በረረና ቀጥ ብሎ የነፍስ አባታችን ጠላ ውስጥ ገባ።

የነፍስ አባታችን ብርጭቋቸውን አይተው፣

«እሰይ፣ ይኸስ ራሱ መጣ» አሉና በጣታቸው አውጥተው ጎረሱት።

ሁሉም ሣቀ። ጋሼ አልሣቁም። ራስ ጎራዴያቸውን ፈትተው ሳይጨርሱ ነው ቀኑ የመሸው።

በማግስቱ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ተንቀሳቀሰ። ግሩፑ «የሊቁ ቤት» ይባላል፤ ፎቶው ቢላው ነው። ጋሼ ረዥም መልእክት ጻፉ፦ የቅርሱ ይዞታ አሳሳቢ ደረጃ ላይ መድረሱን፣ እድሳቱ በጥናት ላይ መመሥረት እንዳለበት፣ ባለድርሻ አካላት ሁሉ ሐሳብ እንዲሰጡ። ባለድርሻ አካላት ሐሳብ ሰጡ። ጎንደር ያሉ ዘመዶች እጀታው ወልቆ፣ ስንጥቁ ተሞልቶ፣ ተወልውሎ ተመልሶ ይገጠም አሉ። አንድ የአጎት ልጅ አዲስ አበባ ባለሙያ ዘንድ ይላክ አለ። የባሌ እህት በድምፅ መለሰች፤ ከኋላዋ የመራዊ ገበያ ይሰማል።

«አዲስ አበባ የሄደ ቅርስ ተመልሶ ያውቃል? አይሄድም! ደግሞ እጀታው ሲወልቅ የሚረግፈው ፍርፋሪ እንዳይደፋ። ፍርፋሪው የኔ ነው።»

እንዲህ እየተባለ ሳምንታት አለፉ። እኔ በዚያው እጀታ ሽንኩርት እከትፋለሁ። በመጨረሻ ባሌ ትዕግሥቱ አለቀና ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሠፈራችን ብየዳ ቤት ወሰደው። እኔም አብሬው ሄድሁ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቢላውን ገለባበጠውና፣

«ይኼን ጥሉት። የብረት ቱቦ እበይድላችኋለሁ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለ።

«ይኼ እኮ የአውራሪስ ቀንድ ነው» አለ ባሌ በተከፋ ድምፅ።

«እሱንም ከፈለጋችሁ እበይደዋለሁ።»

ባሌ ቢላውን መልሶ ጠቀለለ። ቤት ስንደርስ እኔው ተናገርሁ።

«እኔ አወልቀዋለሁ።»

አባቴ ጡረታ ሲወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ለወንድሞቼ ሳይሆን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ወንድሞቼ ቅር አላላቸውም፤ ምስማር ሲመቱ ጣታቸውን እንደሚመቱ ያውቃሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአጠገቡ ተቀምጬ ሞረድ ሳቀብል፣ ብሎን ስለቅም ነው ያደግሁት። ቀን ቀን ኮሌጅ ውስጥ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን የተሰበረ ነገር ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። ባሌ ይህን ለጋሼ በስልክ አስረዳቸው። ጋሼም፣

«ሥራውን በጊዜያዊነት ትያዘው» አሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም መጡ። ጋሼ ከአባይ ማዶ ክራቫት አሥረው መጡ። የባሌ እህት ከመራዊ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች፤ ለፍርፋሪው የሚሆን ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። እማማ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር ወጣላቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው መቁጠሪያቸውን ያዙ። ባሌ ስልኩን ከፍቶ ጎንደር ያሉትን ዘመዶች በቪዲዮ አስገባ። እኔ አንድ የግንድ ጉማጅ አቁሜ፣ በላዩ የጆንያ እራፊ አንጥፌ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ መዶሻና ምስማር ደረደርሁ። ልጀምር ስል ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

«ከሥራው በፊት ጥቂት ቃላት» አሉ።

ጥቂት ቃላቱ እስኪያልቁ ፀሐይ ከማንጎው ቅርንጫፍ በላይ ወጣች። ራስ መጡ፣ ሊቁ ተቀኙ፣ ጎራዴው ተፈታ። እህትየው እንባዋን በነጩ ጨርቅ ጠረገች። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የሚጸልዩ መሰለኝ።

በሽቦው ጀመርሁ። ዝጎ ስለነበር በፒንሳ ያዝ አድርጌ ቀስ በቀስ ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ጨርቅ በሰምና በዘመናት ቅባት ጠቁሮ እንደ ቆዳ ሆኗል። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ላጥሁት። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህ ጨርቅ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም» አሉ። «ምናልባት የሊቁ ካባ ቁራጭ ይሆናል።»

«የኔ መቀነት ነው» አሉ እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ማንም ልብ አላላቸውም። ጋሼ ጨርቁን ተቀብለው በፖስታ ውስጥ አኖሩት።

ጨርቁ ሲወርድ እጀታው ራቁቱን ቀረ። ሁለት ገጽ ነው፤ የቢላው የብረት ጅራት በመካከላቸው ይገባና በምስማሮች ይሰፋል። የምስማሮቹን ራስ በሞረድ እስኪስተካከል ሞረድሁት። ከዚያ ቀጭን ምስማር አስደግፌ በመዶሻ ቆጥቆጥ ሳደርገው የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛውም ትንሽ አንገራግሮ ወጣ። የባሌ እህት የሚረግፈውን ሁሉ፣ ዝገቱን ሳይቀር፣ በነጩ ጨርቅ ትሰበስባለች። የመጨረሻው ምስማር ግን ንቅንቅ አልል አለ። ብመታው ያስደገፍሁት ምስማር ተጣመመ። ደግሜ ብመታው እጀታው ተንቋቋ፤ ከጋሼ ጉሮሮም አንድ ድምፅ ወጣ።

«ቁሚ! ቁሚ! ቀንድ በኃይል አይሆንም፤ በሙቀት ነው የሚለዝበው። አንብቤያለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። ከሰል አቀጣጥዬ አንድ ረዥም ምስማር እሳቱ ውስጥ ከተትሁ። ቀይ ሲሆን በፒንሳ ይዤ ምስማሩ በተቀረቀረበት ቀዳዳ ጫፍ ላይ አስጠጋሁት። ቀንድ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ የሚሸተው ሽታ ነው። ሁላችንም አፍንጫችንን ለዚያ አዘጋጅተን ነበር።

ጥቁር ጢስ ወጣ። የወጣው ሽታ ግን የበግ ጭንቅላት ሽታ አልነበረም። የጄሪካን ክዳን እሳት ውስጥ ሲወድቅ የሚሸተው ሽታ ነበር።

ቀዳዳው ዙሪያ ቀለጠ። የጋለውን ምስማር ስስበው ከኋላው እንደ ማር የሚለጠጥ ቀጭን ክር ተከተለው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች የባሌ እህት።

«ከሰሉ ውስጥ ፌስታል ገብቶ ይሆናል» አለ ባሌ።

ከሰሉን አየሁ። ከሰል ብቻ ነው። ምስማሩን ደግሜ አስጠጋሁት፤ ያው ሽታ ነው።

«የአውራሪስ ቀንድ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት ማን ያውቃል?» አሉ ጋሼ በቁጣ። «ከእናንተ ውስጥ አውራሪስ ለብልቦ የሚያውቅ አለ?»

ማንም አልነበረም። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ባሌም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ደገፈው። ያን ጊዜ የመጨረሻው ምስማር ከሙቀቱ የተነሳ ላላና ወጣ። እጀታው ለሁለት ተከፈተ፤ አንዱ ገጽ በጀርባው ጉማጁ ላይ ወደቀ። ውስጡ ክፍት ነው፤ እንደ ሳሙና ማስቀመጫ ሥር መሥመር መሥመር ያለው፣ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የወጣ ፕላስቲክ። በመካከሉ ደግሞ የላቲን ፊደላትና የኮከብ ምልክት ጎልተው ተቀርጸዋል። የፋብሪካ ማኅተም ነው።

ባሌ ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከስልኩ ውስጥ የጎንደር ዘመዶች ይጮሃሉ፦

«ምነው ዝም አላችሁ? ወለቀ ወይ? እስቲ አሳዩን! ኔትወርኩ ነው?»

«አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» አለ ባሌና ዘጋው።

የመጀመሪያዋ የነቃች እህትየው ናት። ነጩን ጨርቅ፣ ከዚያ እጀታውን፣ ከዚያ ጨርቁን ደግማ አየች።

«ልጆቼን ያጠጣሁትስ?» አለች።

«አልሞቱም» አለ ባሌ።

«ጄሪካን ነዋ ያጠጣኋቸው! ወየው! በውኃ በጥብጬ፣ ሥላሴ እያልሁ!»

ሣቄ መጣ። ወደ ከሰሉ ዞሬ እፍ እፍ አልሁ፤ ከሰሉ እፍታ አላስፈለገውም ነበር። ጋሼ የእጀታውን ገጽ አንሥተው ወደ ፀሐይ አቀኑት። ኮከቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ምናልባት በኋላ ዘመን የተለጠፈ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እውነተኛው ቀንድ በውጭ በኩል ይሆናል። ይህ መደገፊያ ነው። መታየት አለበት፤ በጥናት…»

«ተወው፣ ልጄ» አሉ እማማ።

ሁላችንም ዞርን። ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል።

«ያኛው ሐይቅ ውስጥ ነው» አሉ።

«የቱ ያኛው?» አለ ባሌ።

«የአባታችሁ ካራ። ይኼንንማ እኔ ነኝ የገዛሁት፤ ሐሙሲት ገበያ፣ መርፌና መስተዋት ከሚሸጥ ነጋዴ።»

ጋሼ አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ከነክራቫታቸው ተቀመጡ።

እማማ ነገሩን እንደ ተራ ነገር ተረኩት። ጋሼ ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ሳሉ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ለበዓል ከዘጌ በታንኳ ይሻገሩ ነበር። ሕፃኑ መሐል ሐይቅ ላይ አለቀሰ። አባትየው ሸንኮራ ሊቆርጡለት ካራውን ከጓዙ አወጡ። ነፋስ ተነሣ፣ ታንኳው ተንገዳገደ፣ አባትየው ሕፃኑን ለመያዝ እጃቸውን ሲዘረጉ ካራው አመለጣቸው።

«ጥልቅ እንኳ አላለም» አሉ እማማ። «እንደ ዓሣ ሄደ። አባታችሁ ባሕር ዳር እስክንደርስ ሐይቁን ነበር የሚያየው። ከወረድን በኋላ ‹አባቴ ምን ይለኛል?› አለኝ። ያን ሰሞን ሐሙሲት ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ይኼን አየሁት። መልኩ ይመሳሰላል። አባታችሁ ጓዳ ገብቶ በጢስና በቅቤ እያሸ አስረጀው። አባቱ መጥተው አዩት፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ‹ደኅና ይዘኸዋል› አሉት። በቃ።»

«አባታችን!» አለ ባሌ። «መሪጌታው! ውሸት ነውር ነው ብሎ ያሳደገን!»

«አልዋሸማ። የጠየቀው ሰው የለም።»

ጋሼ ከድንጋያቸው ላይ ቀና አሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ የኃላፊ ቃናው ሁሉ ተገፎ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«እሺ፣ የጠፋውስ? እሱስ የአውራሪስ ነበር?»

እማማ አሰቡ።

«እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ። አባትህ ከአባቱ የሰማው ነው። እኔ አውራሪስ አይቼ አላውቅም።»

ይህን ጊዜ አልቻልሁም፤ ሣቅሁ። የባሌ እህትም ነጩን ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ ሣቀች። ጋሼ ግን እናታቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ይኸን ሁሉ ዓመት ስተርክ ቁጭ ብለሽ እየሰማሽኝ! በሰው ፊት! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትተርክ እሱን ትመስላለህ» አሉ እማማ። «እጅህን የምታነሣው፣ ቆም የምትለው። እሱ ከሞተ ወዲህ እሱን የማየው በዓል በዓል ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ላቋርጥህ?»

ጋሼ ክራቫታቸውን ፈቱት፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ተነሥተው የእናታቸውን ጉልበት ሳሙና ወደ መኪናቸው ሄዱ። የመቀነቱን ቁራጭ የያዘውን ፖስታ ግን አልረሱትም።

እህትየው ነጩን ጨርቅ ከሰሉ ላይ ልታራግፈው ስትል ሽታው እንዳይብስ ያዝኋት። ምሳ በልታ ሄደች። ማታ ደውላ፣

«ትልቁን ልጅ አየሁት» አለችኝ። «እንዴት ያለ ጎረምሳ ሆኗል መሰለሽ! እንጃ፣ ጄሪካኑም ሳይረዳው አልቀረም።»

ከዚያ ቀን በኋላ «የሊቁ ቤት» ዝም አለ። የግሩፑ ፎቶ ከቢላ ወደ ጽጌረዳ ተለወጠ፤ ማን እንደለወጠው የሚናገር የለም። የጎንደር ዘመዶች «እድሳቱ ምን ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁ ባሌ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ጻፈ። ያን ሁሉ ዘመን ሲነታረኩበት የነበረውን ቢላ ደግሞ ድንገት የሚፈልገው ጠፋ። ጋሼ «እናንተው ዘንድ ይቆይ» አሉ። እህትየው «እኔ ሌላ አለኝ» አለች። ባሌ ከመሳቢያው በከፈተው ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

«አንቺ ውሰጂው» አሉኝ እማማ። «ካራ የሚቆርጥበት ሰው ንብረት ነው።»

ብረቱን አጠብሁት፤ ጅራቱ ላይ የተጋገረውን ዝገት በአሸዋ ወረቀት አነሣሁለት። ከሐሙሲት ገበያ በመርፌና በመስተዋት መካከል የተገዛ ይሁን እንጂ ያ ብረት ለፍቶ የተሠራ ነው፤ የሠራውን ሰው ባውቀው አመሰግነው ነበር። ለእጀታው ከቤት የተሰበረ የወይራ ዘነዘና ነበረን። ከአናጢ ዘንድ ወስጄ ለሁለት አሰነጠቅሁትና የቀረውን ራሴ ቀረጽሁት። ቀዳዳዎቹን በስሁ፣ ምስማር አስገብቼ ግራና ቀኝ ራሱን ቀጠቀጥሁት፣ በኑግ ዘይት ደጋግሜ ቀባሁት። ባሌ አጠገቤ ቆሞ አየኝ።

«ወይራው ከየት ነው የመጣው?» አለኝ።

«ከዘነዘና።»

«ዘነዘናውስ?»

«ተው» አልሁት።

ጋሼ ለብዙ ጊዜ ጠፉብን። ሥራ በዝቶባቸዋል ተባለ። ለገና ግን መጡ፤ ክራቫት አላሠሩም። ገበታ ላይ ድፎው ቀረበ፤ የነፍስ አባታችን ባረኩና ቢላውን ሰጧቸው። ጋሼ አዲሱን እጀታ አገላብጠው አዩ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የባሌ የሥራ ባልደረባ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው፣

«ያ ታሪካዊው ቢላ ይህ ነው?» አለ።

ባሌ ሳል ያዘው። ጋሼ ድፎውን ቆረሱ፤ ቁራሹ በሥርዓቱ ሳህን ላይ ዐረፈ። ቢላውን አስቀመጡና፣

«አይደለም። ታሪካዊው ሐይቅ ውስጥ ነው» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን አነሡ። ቆም አሉ። ነፋሱን አስነሡት፣ ታንኳውን አንገዳገዱት፣ ሸንኮራውን አስቆረጡ። በመጨረሻም አባታቸው በአንድ እጃቸው ካራውን፣ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን ለመያዝ ሲሉ ልጃቸውን መረጡ። እውነት ለመናገር፣ ከራስና ከሊቁ ታሪክ ይህኛው ይበልጣል። ማዕበሉ እማማ ከነገሩን ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጉማሬም ገብቶበታል። የነፍስ አባታችን መብላታቸውን ትተው ሰሙ። እንግዳውም «እግዚኦ!» አለ። እማማ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ልጃቸውን አዩት።

በማግስቱ ሽንኩርት ልከትፍ ማድ ቤት ስገባ እማማ ቀድመውኝ ገብተዋል። በቢላው ጎመን ይከትፋሉ፤ ፊታቸው ተቋጥሯል።

«ምነው፣ እማማ?»

«እጀታው ወፈረብኝ» አሉ። «ለራስሽ እጅ ነው የሠራሽው። የኔን መዳፍ እይው፤ ጣቴ ዞሮ አይገጥምም።»

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። በእጄ ላይ አስቀምጬ ለካሁት፤ እውነትም ከኔ ያንሳል። ሞረዱን አመጣሁና ጎመኑን ወደ ዳር ገፍቼ ቁጭ አልሁ። ጥቂት ሞረድሁ፣ ሰጠኋቸው። ጨበጥ አድርገው መለሱልኝ። ጥቂት ጨመርሁ።

«ከአውራ ጣት በኩል» አሉ። «ወደ ታች። አሁንም ትንሽ። ቀስ በይ እንጂ!»